ትንፋሽና መረብ

አጎቴ የጎመን መደባቸውን ከወፍ የሚጠብቁት በዓሣ መረብ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ሮብ ገበያ የወጣ ሰው ይህን ቢያይ ይስቃል፤ አገሩ የገብስና የድንች፣ የጋቢና የብርድ አገር ነው፣ ዓሣ የሚሰገርበት ውኃ የለውም። መረቡን ይዞላቸው የመጣው ባሕር ዳር የሚሠራው ልጃቸው ነው። ተቀዳዶ የተጣለ ቁራጭ ነበር፤ እሳቸው በአራት ችካል ወጥረው ዘር በተዘራበት መደብ ላይ ዘረጉት።

አንድ ጠዋት ዋኔ ገብታበት አገኘናት። ጭንቅላቷን ያሳለፈው የመረብ ዓይን ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ጠቧታል። ወደ ፊት ብትገፋ አይለቃት፣ ወደ ኋላ ብትስብ ክሩ ላባዋ ሥር ይሰነቀራል፤ በተፈራገጠች ቁጥር ሌላ ዓይን እግሯን ይደርባል። ክሩን ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ከፀጉር እምብዛም አይወፍርም፣ ፀሐይ ካልመታው በቀር አለ ብለው አይጠረጥሩትም። አጎቴ በምላጭ ሁለት ሦስት ቦታ በጠሱላትና ለቀቋት። «እኔ መች እሷን አልሁ፤ ጎመኔን ብዬ እንጂ» አሉ።

በየዓመቱ በዓለም ባሕሮች ላይ ቢያንስ 300,000 ዓሣ ነባሪዎች፣ ዶልፊኖችና የቅርብ ዘመዶቻቸው የሚያልቁት በዚሁ «መች እሷን አልሁ» ነው። ቁጥሩ ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የሚጠቅሰው ግምት ነው። ያደናቸው የለም። ለሌላ ዓሣ፣ ለሽሪምፕ በተዘረጋ መረብና ገመድ ውስጥ ገብተው ነው የሚሞቱት።

እኛ ደገኞቹ የምናውቀው ዓሣ ነባሪ አንድ ነው፤ ዮናስን የዋጠው ዓንበሪ። በጾመ ነነዌ ታሪኩ ሲነገር ልጅ ሆኜ የሚያስጨንቀኝ የነቢዩ ትንፋሽ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እሆድ ውስጥ ምን ተነፈሰ? ኋላ ትምህርት ቤት ስገባ ጭንቀቴ ወደ ዋጪው ዞረ። ዓሣ ነባሪ ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም። ስንጥብ የለውም፤ እንደ ላም በሳንባ ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። አፍንጫው ጭንቅላቱ አናት ላይ ነው። ውኃ ውስጥ ተወልዶ፣ ውኃ ውስጥ ኖሮ፣ ውኃ ውስጥ የሚሞት፣ ግን አየር የሚለምን ፍጡር ነው።

ልመናውን ግን ያሳጥረዋል። የኩቪዬ ዓሣ ነባሪ የሚባለው ባለ ምንቃር ዝርያ በአንድ ትንፋሽ 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ሲቆይ ተመዝግቧል። ይህ የሚሆነው በሳንባ ስፋት ብቻ አይደለም። ኦክስጅኑን የሚያከማቸው በደሙና በጡንቻው ውስጥ ነው፤ ማዮግሎቢን የሚባለው ፕሮቲን ጡንቻው ውስጥ እጅግ ስለሚበዛ ሥጋው ወደ ጥቁረት ይወስዳል። ሲጠልቅ የልብ ምቱ ይዘገያል፣ ደሙም በዋናነት ወደ አንጎልና ወደ ልብ ይመለሳል። ዶልፊን ደግሞ ሲተኛ ግማሽ አንጎሉ ብቻ ነው የሚያንቀላፋው፤ ሌላው ግማሽ ወደ ላይ ብቅ ብሎ መተንፈሱን ይጠብቃል። ለእኛ መተንፈስ ሳናስበው የሚሆን ነገር ነው፤ ለእሱ ግን ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ከጎጃም የራቀ ከመሰለ ባሕር ዳር ወርዶ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ አጠገብ ማምሸት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃው ላይ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ዓይን፣ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ ከዚያ እፍ እንደሚል ወናፍ ያለ ድምፅ ይሰማል። ጉማሬ ነው። በምድር ላይ ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመዱ እሱ ነው። ይህን የአጥንት ተመራማሪዎች መጀመሪያ አልተቀበሉትም ነበር፤ ጉማሬን ከአሳማ ጋር ነበር የሚመድቡት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዘረመሉ ሲነበብ ነገሩ ቁርጥ ሆነ፤ ሁለቱ ከ55 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከነበረ አንድ አያት ይወርዳሉ። ጉማሬም እንደ ዓሣ ነባሪ ውኃ ውስጥ ሊወልድ ይችላል፣ ግልገሉን ውኃ ውስጥ ያጠባል፣ ውኃ ውስጥ ሆኖ ይጣራል። በአንድ ትንፋሽ የሚቆየው ግን አምስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ የአጎቱን ልጅ መዓረግ አልደረሰበትም።

አንድ ጨዋታ ልጨምር። ከድንበራችን ማዶ በቱርካና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1964 የአንድ ባለ ምንቃር ዓሣ ነባሪ የራስ ቅል ተገኝቷል፤ ዕድሜው 17 ሚሊዮን ዓመት፣ ቦታው ከዛሬው ውቅያኖስ 740 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ። እንስሳው በወንዝ ሽቅብ ዋኝቶ መንገድ ስቶ የቀረ ነው። ዓሣ ነባሪ ተራራ አይወጣምና ያ ምድር በዚያን ጊዜ ዝቅ ያለ ሜዳ ነበር ማለት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ምድር መቼ ከፍ ማለት እንደጀመረ የሥነ ምድር ሊቃውንት ካሰሉባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ የጠፋ መንገደኛ ሆነ። የእኛም ምድር ከባሕር ጋር የማይተዋወቅ አይደለም፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው የሚያየው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ በዳይኖሰሮች ዘመን የባሕር ወለል ነበር። ያኔ ግን ዓሣ ነባሪ ገና አልተፈጠረም።

ወደ መረቡ ልመለስ። መረብ ዓሣንና ዶልፊንን በአንድ ቀን ሊገድል ይችላል፤ አገዳደሉ ግን ይለያያል። ዓሣው ጭንቅላቱን ያስገባል፣ ሆዱ አላልፍ ይለዋል፣ ሊመለስ ሲል ክሩ የስንጥቡን ክዳን ይይዝበታል። ክዳኑ ካልተከፈተ ውኃ በስንጥቡ አያልፍም፤ ስለዚህ ውኃ ውስጥ ሆኖ አየር ያጥረዋል። ዶልፊኑ ደግሞ ክንፉ ወይም ጭራው ይያዝና ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል፤ ትንፋሹን እንደያዘ ይታፈናል። «በድምፅ ማሚቶ የሚያይ እንስሳ እንዴት መረብ አይታየውም?» የሚል ይኖራል። ናይለኑ ቀጭን ነው፤ የሚመልሰው ማሚቶ ደካማ ስለሆነ ዶልፊኑ በወቅቱ አይሰማውም። ደግሞም የሚያባርረው ዓሣ እመረቡ አጠገብ ነው ያለው።

የዚህ ክፉው ምሳሌ ሜክሲኮ ውስጥ፣ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የሚኖረው ቫኪታ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም፣ ዓይኑ ዙሪያ ኩል የተኳለ የሚመስል ትንሽ የዶልፊን ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በተደረገ ቆጠራ 567 ገደማ ነበሩ። አሁን የቀሩት 10 ገደማ ናቸው። ቫኪታን የሚበላው፣ የሚሸጠው፣ የሚጠላው ሰው የለም። ሰዎቹ የሚፈልጉት ቶቶአባ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ነው፤ የውስጥ ፊኛው ቻይና ውስጥ በውድ ይሸጣል። ሁለቱ እንስሳት በመጠን ስለሚቀራረቡ ለቶቶአባ የተለካ መረብ ለቫኪታም ልክ ሆነ።

ሆን ብሎ መግደሉም አልቀረ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በኢንዱስትሪ አደን ብቻ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ዓሣ ነባሪዎች ተገድለዋል፤ ለዘይት፣ ለሳሙና፣ ለማርጋሪን። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1982 የወሰነው የንግድ አደን እገዳ በ1986 ሥራ ላይ ዋለ። ጃፓን፣ ኖርዌይና አይስላንድ ባይሰሙትም እገዳው ሠርቷል፤ ብዙ የሀምፕባክ ዓሣ ነባሪ መንጋዎች ከመጥፋት ተመልሰዋል።

እ.ኤ.አ. 1986 ለእኛም ዓመት ነው። በዚያው ዓመት በጣና ሐይቅ ላይ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ በልማት ፕሮግራም ገቡ። ከዚያ በፊት ሐይቁ ላይ የሚሰገረው በደንገል ታንኳ ነበር። ታንኳውን ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት ነገደ ወይጦዎች በቀን የሚደርሱበት ርቀትና የሚሸከመው ዓሣ የተወሰነ ስለነበር ሐይቁ ሳይታወጅ እገዳ ነበረው ማለት ይቻላል። ፕሮግራሙ በቀና ልብ የመጣ ነው፤ አጥማጁ ገቢ አገኘ፣ ከተሜው ዓሣ በላ። ይህን ማቃለል አልፈልግም። ግን ባሕር ላይ ዘመናዊ ዓሣ አጥማጅነት በመቶ ዓመት የሄደውን መንገድ ጣና በአሥራ አምስት ዓመት ሄደው።

ጣና ውስጥ ሦስት ዓይነት ዓሣ ለገበያ ይወጣል፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ስለ ነጭ ዓሣ ላወራ ነው፤ ሳይንቲስቶች ላቤኦባርበስ ይሉታል። ለቀማሹ አንድ ዓሣ ነው፣ ያውም አጥንቱ የበዛ። የባለሙያ ዓይን ላለው ግን ከአሥራ አምስት የማያንሱ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር የትም አይገኙም። አንዱ አፉ ወደ ታች ዞሮ ጭቃ ይቆፍራል፣ ሌላው ከንፈሩ ወፍሮ ድንጋይ ሥር ይበረብራል፣ ሌላው መንጋጋው ሰፍቶ እንደ ቢላ ቀጥኖ ዓሣ ያሳድዳል። አጥማጆቹ ልዩነቱን ከጥንት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሌዎ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ሲለኩና ሲመዝኑ፣ የሁሉም አባት አንድ እንደሆነና ዝርያዎቹ ምግብ ተከፋፍለው እዚሁ ሐይቅ ውስጥ እንደተለያዩ ገለጹ።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። እነዚህ ዓሦች የካርፕ ቤተሰብ ናቸው፤ ካርፕ ደግሞ አፉ ውስጥ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ ጉሮሮውም ጠባብ ነው። ዓሣ ለመብላት የተፈጠረ አካል አይደለም፤ በዓለም ላይ ካሉት የካርፕ ዘመዶች ዓሣ አዳኝ የሆኑት ጥቂት ናቸው። ጣና ውስጥ ግን ስምንት ዝርያዎች አዳኝ ሆነዋል። ጥርስ የሌለው አዳኝ! ምክንያቱ ቦታ ክፍት መሆኑ ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ከታች ያሉት የዓባይ ዓሦች፣ እነ ናይል ፐርች፣ ሊወጡ አልቻሉም። የሐይቁ ደለል ሲቆፈር የተገኘው ማስረጃ ደግሞ ጣና ከ17 እስከ 16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ድርቅ ሊነጥፍ ደርሶ እንደነበር ይናገራል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ዝርያ የተለያየው ውኃው ተመልሶ ከሞላ በኋላ ከሆነ፣ በሥነ ሕይወት ሰዓት ትናንት ማታ ነው።

እንዲህ ያለ የካርፕ ዝርያ ጉባኤ በዓለም ላይ ሌላ አንድ ነበር፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናው ሐይቅ። ባዕድ አዳኝ ዓሦች ገቡበት፣ ያለ ልክ ተሰገረ። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከሐይቁ ብርቅዬ ዓሦች 15ቱ ጠፍተዋል ብሎ አወጀ። ጣና ብቻውን ቀረ።

የነጭ ዓሣ ድክመት መንገዱ ነው። ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች እንቁላል የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ፤ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይ። ጎርፉ ሲመጣ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ወንዙን ትተው ወደ ገባሮቹ ይገባሉ። የሚፈልጉት ጥልቀት የሌለው፣ የጠራ፣ የሚንፎለፎል ውኃና ጠጠር ነው። እንቁላሉ ጠጠሩ መካከል ይወድቃል፤ በጠጠሮቹ ሰርጥ የሚያልፈው ውኃ ኦክስጅን ያቀርብለታል። እንቁላልም እንደ ዓሣ ነባሪ የሚለምነው ትንፋሽ ነው። ጭቃ ሰርጡን ከደፈነው ያልቅለታል፤ ስለዚህ ከጉና ተራራ ወገብ የታጠበ የእርሻ አፈር፣ ለግንባታ የሚዛቅ የወንዝ ጠጠርና አሸዋ፣ ለመስኖ የሚገደብ ውኃ፣ ሁሉም የዓሣ ጉዳይ ነው።

መረቡ የሚዘረጋው ግን ከዚህም በፊት ነው፤ እወንዙ አፍ ላይ። ዓመቱን ሙሉ በሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሐይቅ ላይ ተበትኖ የሚኖር ዓሣ በነሐሴ በአንድ ጠባብ በር ሲሰለፍ ለአጥማጅ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። የሚያዘው ደግሞ እንቁላል የያዘው ነው። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ከ1991 እስከ 2001 ባለው አሥር ዓመት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች አዋቂዎች በ75 በመቶ ቀንሰዋል። ከ5 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑት ታዳጊዎች ደግሞ በ90 በመቶ። ሁለተኛው ቁጥር ነው የሚያስፈራው፤ አዋቂው ቢያንስ ታዳጊ ሊተካው ይችላል፣ ታዳጊ የሌለው መንጋ ግን ጎተራው ባዶ ሆኖ ክረምት የገባበት ቤት ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ እንደ ቆሮሶ ቶሎ አይራባም፤ ለመውለድ ዓመታት ይፈጅበታል። በዚህም ከዓሣ ይልቅ የዓሣ ነባሪን ጠባይ ይዟል።

መረብ የሌለውም ገዳይ አለን። በቆላው ወንዝ ዳር የብርብራ ፍሬ ወቅጦ እኩሬው ውስጥ መበተን የቆየ ዘዴ ነው። ፍሬው ሮተኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ በስንጥብ ገብቶ ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙበት ያግዳል። ውኃው ውስጥ አየር እያለ ዓሣው ታፍኖ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ጫጩቱም አብሮ። ዓይኑ የጠበበ መረብ እንኳ ከዚህ ይሻላል።

እንግዲህ ጥበቃ ማለት ምንድን ነው? አንዳንዱ ሰው ጥበቃ ሲባል ጠመንጃ የያዘ ዘብ ይታየዋል። በባሕር ላይ የሠሩትን ነገሮች ሳይ ግን አብዛኞቹ ቦታና ወር መለየት ናቸው። በካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ራይት የሚባሉት ብርቅዬ ዓሣ ነባሪዎች በመርከብ እየተመቱ ሲሞቱ እ.ኤ.አ. በ2003 የመርከቦቹ መስመር ከመመገቢያቸው ቦታ ወጣ ተደረገ፤ ማንም ሥራ አላቆመም። በስሪ ላንካ ደቡባዊ ጫፍም ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች የሚመገቡት በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዛበት የመርከብ መንገድ ላይ ነው። መስመሩ 15 የባሕር ማይል ወደ ደቡብ ቢሸሽ የመመታቱ አደጋ በ95 በመቶ ይቀንሳል ተብሎ ተሰልቷል። ኤም ኤስ ሲ የተባለው ግዙፍ የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 በራሱ ፈቃድ መንገዱን አዛወረ። በዚያ መንገድ ነው ከቻይና ወደ ጅቡቲ የሚጫነው ዕቃ የሚያልፈው። ረቡዕ ረቡዕ ሮብ ገበያ መሬት ላይ የሚዘረጋው የእጅ ባትሪ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ የስልክ ቻርጀር ከዚያ ትልቅ እንስሳ ጀርባ አጠገብ አልፎ የመጣ ነው።

ለጣናም የተመራማሪዎቹ ምክር ተመሳሳይ ነው። ሐይቁን ዓመቱን ሙሉ ዝጉ ያለ የለም። ዓሣው በሚወጣበት ክረምት የወንዞቹን አፍና ወንዞቹን ተዉላቸው፣ የመረቡን ዓይን አስፉ ነው የሚሉት። አገሪቱ አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አውጥታለች፣ ክልሉም የራሱን ሕግ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ወረቀቱ አላነሰንም ባይ ነኝ። በነሐሴ ጭቃ ጉማራ አፍ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ነው ያነሰን፤ ለዚያውም አጥማጁ በእነዚያ ወራት ልጆቹን ምን እንደሚያበላ ያሰበ ሰው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አንድ ማታ እሳት ዳር አወራኋቸው። የዓሣ ነባሪው ዘመድ ጉማሬ ነው ስላቸው ሳቁ፤ ለእሳቸው ጉማሬ በመጀመሪያ የአለንጋ ስም ነው። የነጭ ዓሣውን ስነግራቸው ግን ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ሲወልዱ ነው የሚይዟቸው?» አሉ።

«አዎ አያ፣ ሊወልዱ ሲወጡ።»

«ስንት ወር ነው የሚወጡት?»

«ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። እስከ ጥቅምትም ይደርሳሉ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ሣሩን እኮ እኛም በዚያው ወራት ነው የምንከልለው» አሉ፤ «ከብት እየራበው። መስከረም ጠብቶ ካላፈራ ማን ያስነካል?»

በማግስቱ ጠዋት ጎመኑ በቅሎ ነበር። መረቡን ከችካሎቹ ላይ ፈትተው ጠቀለሉና ጎተራው ሥር አስገቡት።